ሐመርን ከስድስተኛ ፎቅ

ስለ ሐመር አርብቶ አደር ኑሮ ለመምከር መስቀል አደባባይ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች የሚሻል ቦታ አይገኝም። ደቡብ ኦሞ ድረስ መውረድ ማለት ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ አቧራ፣ ሙቀትና የቆላ ዝንብ ነው። አርቆ አሳቢዎቻችን ይህን ሁሉ በሊፍት አሳጥረውታል። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በየጠረጴዛው የታሸገ ውኃና ከረሜላ ተሰድሯል። ስለ ድርቅ እንዲህ ባለ ቦታ ሲወራ ሐሳብ ይፈልቃል።

ባነሩን ሳላደንቅ አላልፍም። «የሐመር ሕዝብና መተዳደሪያው» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ከንፈሯ ውስጥ ሸክላ ያደረገች ሴት ትታያለች። እርግጥ ሸክላው የሙርሲዎች ነው፤ የሐመር ሴት የምትታወቀው በቀይ አፈርና በቅቤ በታሸ ሹሩባዋ ነው። ግን ማን ያጣራል? ከሐመር የመጣ ሰው እንደሆነ አልተጋበዘም። ተገቢም ነው፤ ቢመጣ ውይይቱን ያቋርጥ ነበር።

ጥናት አቅራቢው ለቁጥር ያለው ታማኝነት ደግሞ ያስቀናል። የብሔረሰቡ አባላት 46,532 ናቸው ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች እንኳ አልተዘነጉም። ቁጥሩ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ቢልም ቀጣዩ ቆጠራ እየተራዘመ እዚህ ደርሰናል። በበጎ ጎኑ እንየው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ በሐመር ወግ ከብት ዘሎ ለትዳር ቢደርስም በእኛ ስላይድ ላይ ገና ጡት ይጠባል።

ከዚያ መተዳደሪያው ይቀርባል፤ ከብትና ፍየል፣ ማሽላ፣ ማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የዲመካ ገበያ። ጎረቤቶቻቸው ካሮዎችና ዳሰነቾች የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ወዲህ ወንዙ እንደ ቀድሞው እየሞላ አይመለስም። ለዚህ ከመድረክ የተሰጠው መፍትሔ «የአመለካከት ለውጥ» ነው። የማን አመለካከት እንደሆነ አልተብራራም፤ የወንዙ ሳይሆን አይቀርም።

ስላይዱ ላይ ያልሰፈረ አንድ መተዳደሪያ ግን አለ። የሐመር ሰው በከብቱ ይኖራል፤ የእኛ ሰው ደግሞ በሐመር ሰው ይኖራል። ባነር አታሚው፣ አዳራሽ አከራዩ፣ አማካሪው፣ በየወንበሩ የተቀመጠችውን ቦርሳ የሰፋው፣ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ «ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለብኝ» ብሎ የሚወጣው የክብር እንግዳ፣ ሁሉም ከዚያች መንደር ይበላል። አንዲት የሐመር ፍየል ሳትታረድ ስንት የአዲስ አበባ ቤተሰብ እንደምትቀልብ ያጠና ግን የለም።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ይሳሳል። የቡድን ውይይቱን የጀመሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ያንቀላፋል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ግን ባዶ የነበረው ወንበር ሁሉ ባለቤት ያገኛል፤ ገንዘብ ያዥዋ የውሎ አበል መዝገቧን በሩ አጠገብ ዘርግታለችና። ሙሉ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ ቁጥር፣ የቀን ብዛት፣ ፊርማ። የሚዘለል ሰው የለም፣ የሚራዘም ቀን የለም። ስሙ በስህተት ሁለት ቦታ የሰፈረ ቢገኝ እንኳ ሁለቱንም ጊዜ «አለሁ» ይላል።