የእነሱ ታንክ ታሪኩ ተጽፏል፣ የእኛስ?

አሜሪካ ውስጥ ግለሰብ ታንክ መግዛት ይችላል። ገንዘቡ ካለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሸርማን የሚባል የአሜሪካ ታንክ በመቶ ሺዎች ዶላር ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያቆማል። መድፉ እንዳይተኩስ ከተደረገ ብዙ ጣጣ የለውም። የሚተኩስ ከሆነ ግን ፌዴራል መንግሥቱ ዘንድ ይመዘገባል፣ 200 ዶላር ግብርም ይከፈልበታል። ፈንጂ ያለው ጥይትም እያንዳንዱ ለብቻው እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ስሰማ "ኧረ ለምኑ?" ነበር ያልኩት። ብዙ ሐበሻም እንደዚያ ይላል፤ እኛ ታንክን የምናውቀው በሌላ በኩል ነውና።

ነገሩ የገባኝ የአንድ ሰው ስብስብ ወዴት እንደደረሰ ሳነብ ነው። ዣክ ሊትልፊልድ የሚባል ሀብታም ካሊፎርኒያ፣ ፖርቶላ ቫሊ ውስጥ ከ200 በላይ ታንክና ብረት ለበስ ሰብስቦ ነበር። ገዝቶ ብቻ አላስቀመጠም። ጋራዥ ከፍቶ፣ ሜካኒክ ቀጥሮ ያሠራቸው ነበር። ከፖላንድ ወንዝ ውስጥ የወጣ ፓንተር የተባለ የጀርመን ታንክ እንኳ ዓመታት ፈጅቶ አስጠግኗል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2009 ሞተ። ስብስቡ ኮሊንግስ ፋውንዴሽን ለሚባል ድርጅት ተሰጠ፤ ድርጅቱም የሚፈልገውን አስቀርቶ የቀረውን በ2014 በጨረታ ሸጠ። ዓላማው ሙዚየም መሥራት ነበር፤ ሙዚየሙም እኔ በምኖርበት በማሳቹሴትስ ሃድሰን ከተማ በ2019 ተከፈተ። ፓንተሩም እዚያ ቆሟል።

ሸርማን ብርቅ ታንክ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ወደ 49 ሺህ ገደማ ተሠርቷል። ስለዚህ ሰብሳቢ የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ብቻ አይደለም። የትኛው ፋብሪካ ሠራው? ቁጥሩ ስንት ነው? ሞተሩ የራሱ ነው ወይስ ተቀይሯል? የትኛው ጦር ያዘው፣ የት ተገኘ? መልሱ በወረቀት ሲገኝ ታንኩ ይፈለጋል። በውስጡ ስለተቀመጡት አምስት ወጣቶች ሳይቀር የሚያጠና ሰው አለ። ይህ ነው ያስቀናኝ።

ውጭ አገር ሁሉ እንደዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ጀርመን ሃይከንዶርፍ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፓንተር ታንክ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ አስቀምጠው ተገኝተው፣ በ2015 ወታደሮች መጥተው ጎትተው አወጡት። በ2021 ፍርድ ቤት የ250 ሺህ ዩሮ ቅጣት ወሰነባቸው። ጀርመኖች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ምክንያቱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው።

ወደ እኛ ስመጣ ሆዴ ይባባል። ታንክ ኢትዮጵያ ላይ በክፉ ቀን ነው የመጣው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጠመ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ ነበሩ፣ መትረየሳቸውም ዞሮ ወደ ኋላ መተኮስ አይችልም። የእኛ ሰዎች ይህንን አይተው ከኋላ እየመጡ ላያቸው ላይ ወጡባቸው። ያ ዓይነት ታንክ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ተወልውሎ ቆሟል። ደምበጉይና ላይ ማን እንደወጣበት ግን ስንቱ የእኛ ልጅ ያውቃል?

ከዚያ የንጉሡ ዘመን የአሜሪካ ታንኮች መጡ፣ ቀጥሎ የደርግ የሶቪየት ቲ-55ዎች። ኦጋዴን ላይ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ ሰሜን ላይ ተቃጠሉ። አስመራ ዳር ያለውና የታንክ መቃብር የሚባለው ቦታ ላይ ከተከመረው ብረት ብዙው የኢትዮጵያ ጦር የነበረ ነው። የቅርብ ጊዜው የሰሜን ጦርነትም በየመንገዱ ዳር ሌላ ጨመረበት። ገበሬው ዙሪያውን ያርሳል፣ ልጆች ይወጡበታል። ያልፈነዳ ነገር አጠገቡ ሊኖር ስለሚችል ያ በጣም ያስፈራኛል። ሲቆይ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።

ይነሣ፣ አልቃወምም። ልጇ የት እንደወደቀ እንኳ ሳይነገራት የቀረች እናት በየቀኑ የተቃጠለ ታንክ እያየች ገበያ መሄድ የለባትም። እንደ አሜሪካኖቹ አሳምረን እንሽጠው፣ ቱሪስት እናስነዳበት የሚል ሐሳብም የለኝም፤ የእነሱ ጦርነት 80 ዓመት አልፎታል፣ የእኛ ቁስል ገና እርጥብ ነው። ግን ከመቆረጡ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ ቁጥሩ ይመዝገብ፣ የቆመበት ቦታና የተመታበት ቀን ይጻፍ። ለዚህ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም፤ አንድ ስልክና ደብተር የያዘ የወረዳ ባህል ቢሮ ሠራተኛ ይበቃል።

እዚህ የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። ኦጋዴን ላይ ታንከኛ ነበሩ፣ አሁን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ናቸው። ቲ-55 ውስጥ አራት ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሚያፍን፣ መድፉ ሲተኮስ ጭሱ ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚቀር ቁጭ ብለው ይነግሩሃል። ከሳቸው ጋር የነበሩትን የሦስቱን ስም ከነአባታቸው ያውቃሉ፤ ሁለቱ ያኔ አልቀዋል። እስካሁን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። እኔ ስልኬ ላይ መቅዳት ጀምሬያለሁ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ታንከኛ ከነበሩ እናንተም በዚህ ሳምንት ደውሉላቸው፤ ከክፍለ ጦራቸውና ከጓደኞቻቸው ስም ጀምራችሁ ጠይቋቸው።