ውዳሴ ካሜራ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ዳር የተቆረቆረችው ትንሿ መንደራችን ከእንግዲህ ታሪክ አልባ ናት የሚላት አይኖርም። አገር ውስጥም ባሕር ማዶም ያሉ ተወላጆቿ አዋጥተው ከመብራት ምሰሶ ላይ ያሰቀሉት ካሜራ ሌት ተቀን መንገዱን በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ተወላጁም በያለበት ስልኩን ከፍቶ አገሩን ሲጠብቅ ይውላል፣ ሲጠብቅም ያድራል።

የካሜራው ትሩፋት ተነግሮ አያልቅም። ማለዳ የማን ባጃጅ ቀድሞ እንደወጣ፣ በገበያ ቀን የማን አህያ ጭነቷን እንደጣለች፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር በአንድ ጃንጥላ እንዳለፈች፣ ዋሽንግተን የሚኖረው ዘመድ ከጎረቤት ቀድሞ ያውቃል። አንድ ወይፈን አስፋልቱ ላይ ተኝቶ መኪና ያስቆመ ዕለት የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ፣ የወይፈኑ የዘር ሐረግ እስከ ሦስት ትውልድ ተቆጥሯል። የራሱን ቅድመ አያት ስም የጠራ ግን አልነበረም፤ አልተጠየቀማ።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው አሰቃቀሉን ነው። ፊቱን ወደ አስፋልቱ፣ ጀርባውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ ትልቁ ዋርካ እንዲያደርግ የተደረገው በጥበብ ነው፤ በጀርባው ያለው ሁሉ አይንቀሳቀስምና ምን ይታያል? በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ባወጣ ጊዜ፣ «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊነጠቅ ነው» ብሎ የተነሣው የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ፣ ጦር ሲዘምትበት፣ አውሮፕላንም ቦምብ ሲጥልበት አሻፈረኝ ብሎ ጸንቶ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን አስነሥቷል፤ ውዝፍ ግብሩንም አስምሯል። የእኛ መንደር ሰዎች የተማከሩት በዚሁ ዋርካ ሥር ነበር።

ያኔ ጎረምሳ የነበሩ አንድ አዛውንት ዛሬ ከካሜራው ፊት ለፊት፣ ከጠላ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከተመልካቹ መካከል እሳቸውን የማያውቅ የለም። ጋቢያቸው አዲስ መሆኑን፣ ከዘራቸው መለወጡን ሁሉም አስተውሏል፤ አንድ ረቡዕ ሳይታዩ የዋሉ ጊዜማ «አያ ምን አገኛቸው?» ብሎ ያልደወለ አልነበረም። ስለ ስድሳው ዓመፅ የጠየቃቸው የለም፤ ቢጠየቁም አይሰማም፤ ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። ይህም ራሱ ምስጋና ይገባዋል፤ ሽማግሌ ወሬ ከጀመረ ያስረዝማል፣ በዚያ መካከል ደግሞ በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ ያመልጣል።

የተቀዳው ምስል የሚጠራቀምበት ቋት በሳምንት ስለሚሞላ፣ ካሜራው የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል። ስለዚህ የመንደራችን ታሪክ ምንጊዜም ትኩስ ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ አንዲት መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጁ የነበሩ የደብሩ ጸሐፊዎች ምንኛ ደክመዋል! በሞጣ በኩል ዓባይን ያሻግር የነበረውን፣ በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትን ድልድይ አርበኞች ጣልያን እንዳይሻገርበት በሰበሩት ጊዜ እንዲህ ያለ ካሜራ ቢኖር ኖሮ፣ ስንት ሺህ ሰው በቀጥታ እንደተመለከታቸው በቁጥር በታወቀ፣ በሳምንቱም በጠፋ ነበር።

አሁን ለሁለተኛ ካሜራ መዋጮ ተጀምሯል። ኮሚቴው ባጠናው መሠረት የሚተከለው ከዋርካው አጠገብ ሲሆን፣ ፊቱ ወደ መጀመሪያው ካሜራ ይሆናል፤ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ንብረት ያለ ጠባቂ አይተውምና። ቅርንጫፉ ስለሚጋርድ ዋርካው ይመለመላል፤ እንጨቱም ተሽጦ ለኢንተርኔት ክፍያ ይውላል። ኮሚቴው ከዚህም አልፎ አዛውንቱን ከተቀመጡበት ድረስ ሄዶ አነጋግሯቸዋል፤ የጠየቃቸውም መቀመጫቸውን ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግራ እንዲያስጠጉ ነው።