የተጀመረበት ዓመት ስለታወቀ በዓል ሐሰተኛ አይባልም

ሰሞኑን በአንድ የጉዞ ዐምድ ላይ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ደቡብ ስለምትገኘው፣ የስዊዘርላንድ (ስዊስ) ስደተኞች ስለመሠረቷት መንደር ኒው ግላሩስ የወጣ ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው የመንደሯን የስዊስ በዓላት ለቱሪስት ሲባል የተፈበረኩ፣ ሥር የሌላቸው ትርኢቶች ናቸው ሲል ደምድሟል። ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ብቻ ባላት መንደር ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ቀላል ነው፤ ተነሥቶ የሚከራከርላት ብዙ ሰው የለምና።

የጸሐፊው ማስረጃ እንዲህ ይላል፦ ፔት ሚልክ የተባለው ኩባንያ በመንደሯ የነበረውን የወተት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ዘጋ፤ ኑሮ የከበዳቸው ነዋሪዎችም ሱቆቻቸውን የአልፕስ ቤቶች መልክ አስይዘው እንግዳ መጥራት ጀመሩ፤ በዓላቱም የተወለዱት ከዚህ ነው። የፋብሪካው መዘጋትና የሱቆቹ መለወጥ እውነት ነው። በዓላቱ ከዚያ ተወለዱ የሚለው ግን ዓመታትን በመቁጠር ብቻ የሚፈርስ ስሕተት ነው። በልጁ ራስ ላይ የተቀመጠ ፖም በቀስት እንዲመታ ስለተገደደው የስዊስ አፈ ታሪክ ጀግና የሚተርከው የዊልሄልም ቴል ተውኔት በኒው ግላሩስ መታየት የጀመረው በ1938፣ ማለትም ፋብሪካው ከመዘጋቱ 24 ዓመት አስቀድሞ ነው!

ይህን ተውኔት ያየ ሰው ንግድ ብቻ ነው ለማለት እንዴት እንደሚደፍር አይገባኝም። የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን በሆነው በሌበር ዴይ ሰሞን፣ በዛፍ በተከበበ ሜዳ ላይ፣ የመንደሯና የአካባቢዋ ሰዎች ራሳቸው ተዋናይ ይሆናሉ። ፍየሎችና ላሞች በሣሩ ላይ እየተነዱ ያልፋሉ፤ ፈረሰኞች ይጋልባሉ፤ አንድ ልጅ ፖም በራሱ ላይ ተቀምጦለት የአባቱን ቀስት ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ ግን ተውኔቱን በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በጀርመንኛም ለአሥርታት ተጫውተውታል። የታሰበው የቱሪስቱ ኪስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኛው አሜሪካዊ ተመልካች በማይሰማው ቋንቋ ያን ሁሉ ቃለ ተውኔት በቃል ማጥናት ለምን አስፈለገ? ጸሐፊው ለዚህ መልስ የለውም፤ ጥያቄውንም አላነሣውም።

እውነተኛው ስዊዘርላንድ ያለው ነው፣ ይህ ቅጂ ነው የሚለውም ክርክር ከዚህ አይሻልም። ተውኔቱን የጻፈው ፍሪድሪክ ሺለር ጀርመናዊ ሲሆን ስዊዘርላንድን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። በስዊዘርላንዷ ኢንተርላከን ይኸው ተውኔት በሜዳ ላይ መታየት የጀመረው በ1912 ነው። ታዲያ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው የ26 ዓመት ልዩነት ነው? በስዊስ የልጆች ልብ ወለድ ባለታሪክ በሃይዲ ስም በ1965 የተጀመረው የሃይዲ ፌስቲቫል ቱሪስትን ያሰበ መሆኑን አልክድም፤ አንድ ፌስቲቫል ግን ለሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

በ1845 በስዊዘርላንድ ያለው የግላሩስ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ችግር የጠናባቸውን 193 ሰዎች ወደ አሜሪካ ሲሸኝ፣ በነሐሴ ወር ከቦታው የደረሱት 108 ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ አልፕሆርን የተባለው ረጅም የእንጨት መለከት በመንደሯ የሚነፋው የእነዚያን ሰዎች አገር ብሔራዊ ቀን ለማሰብ ነው። ይህን ሥር የለውም ማለት ድፍረት ነው። የዐምዱ አዘጋጆች ቢያንስ የዓመታቱን ቅደም ተከተል አርመው፣ እርማቱንም ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ቦታ ማተም አለባቸው።