የጎንደር ከተማ ዓሣ አጥማጆች

በዚህ ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ የመብራት ምሰሶ አዲስ ወረቀት ተለጥፎበት አየሁ። «የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ፦ ከርእስ መረጣ እስከ ዲፌንስ። መጠይቅ እንሞላለን፤ ስላይድ እናዘጋጃለን፤ ፈታኞች ሊጠይቋቸው የሚችሉ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እናስጠናለን።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከጎኑ የተለጠፈው የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ማስታወቂያ እንኳ «ደላላ እንዳይደውል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይኸኛው ማንንም አይከለክልም፤ ደጁ ለሁሉም ክፍት ነው።

እናንተም በየሰፈራችሁ አይታችሁታል፤ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ያልተለጠፈበት ምሰሶ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ስለዚህ የምታውቁትን መልሼ አላማርርላችሁም። ማንም አመስግኖት የማያውቀውን ላመስግን ብዬ ነው የተነሣሁት፤ ያልጻፉትን ጽሑፍ ቆሞ የመከላከልን ጥበብ።

እስቲ ፍረዱ። ሁለት ዓመት አንብቦ፣ መረጃ ፍለጋ ደጅ ጠንቶ፣ በራሱ እጅ ጽፎ ያመጣውን ሥራ በፈታኝ ፊት ቢያስረዳ ምኑ ይደንቃል? የራሱን ሥራ የማያውቅ ማን አለ? ጀግና ማለት ምዕራፍ አራትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዲፌንሱ ዋዜማ ማታ ሆኖ ሳለ፣ ጠዋት በውሰት ከረባት ደረቱን ነፍቶ «እኔ ባደረግሁት ጥናት መሠረት» ብሎ የሚጀምር ነው። ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ እጁ አይርድም። በአባቶቻችን ዘመን ለእንዲህ ያለ ወኔ ካባ ይሸለም ነበር። በእኛ ዘመን ካባው ከምርቃቱ ጋር በኪራይ ይመጣል።

ለነገሩ ይህች ከተማ ኋላ ቀር ልማድ የተጠናወታት ነች። በአታ ለማርያም አቋቋም ሊማር የመጣ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ዓመታት ፈጅቶ፣ መጨረሻ ላይ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ካላስመሰከረ መምህር አይባልም። ቅኔ ቤት ከዚህ ይብሳል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ለመቁጠር ከሰው ተነጥሎ ጫካ የሚገባ ምስኪን አለ። ሁለት ቤት! እኛ መቶ ሃያ ገጽ በአንድ ጀንበር እናወርዳለን። ያ ሁሉ ልፋት ምሰሶው ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር የሚሰጣቸው አጥተው ነው።

ጥበቡ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ ቀኖና አለው። 384 የምትባል ቁጥር አለች፤ መጠይቅ የሚሞሉት ሰዎች ብዛት ናት። የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ፣ የስሕተት ህዳጉ 5 በመቶ ይባላል፤ የሚጠናው ነገር በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፋ ካልታወቀ ደግሞ 50 በመቶ ተብሎ ይገመታል። ቀመሩም ሳያመነታ 384 ብሎ ይመልሳል። መልስ የማይሰጡ ሰዎች ይኖራሉ ተብሎ 10 በመቶ ሲታከልበት ወደ 423 ይጠጋል። ቁጥሯ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ከየት እንደመጣች ያስረዳችኋል። ደስ የሚለው ሌላው ነገር ነው። ርእሱ ወባም ይሁን የቡና ቤት አስተናጋጆች፣ ቦታው ደምቢያም ይሁን ደባርቅ፣ የተፈለጉት ሁሉ በአጋጣሚ ቤታቸው ይገኛሉ፤ ሁሉም በአጋጣሚ ፈቃደኛ ናቸው፤ ሁሉም ወረቀቱን ሞልተው ይመልሳሉ። እድር ቅጣት ጥሎ እንኳ ይህን ያህል ሰው አሟልቶ ሰብስቦ አያውቅም።

እንዴት ተሟሉ? አንድ ጠባብ ኪራይ ቤት መግባት ነው። ሁለት ጓደኛሞች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የመጠይቅ ክምር፣ ጀበና እና ሦስት እስክሪብቶ፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ። ሰማያዊው የወንዶች ነው፤ ጥቁሩ የሴቶች። ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰው የአዛውንቶች ነው፣ እጃቸው ስለሚደክም። «ማንበብና መጻፍ ብቻ የሚችሉ» የሚለው ተራ ሲደርስ አንደኛው እስክሪብቶውን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል። የጋብቻ ሁኔታ ላይ ሲደርስ ቀና ይላል።

«ይቺኛዋስ ትፍታ?»

«አይ፣ የፈቱት በዝተዋል። ዳራት።»

ትዳራለች። በአንድ ማታ ስንቱ ተዳረ፣ ስንቷ ወለደች፣ ስንቱ ሥራ አጥ ሆነ! «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት እያደረጉ ሲሰለቻቸው ለጥንቃቄ ያህል አልፎ አልፎ «አልስማማም» ይላሉ፤ በሕዝብ ዘንድ የሐሳብ ልዩነት መኖሩ ጤናማ ነውና።

ከሁሉም ግን የማልጠግበው የጎንደር ከተማ ዓሣ አጥማጆችን ታሪክ ነው። ጓደኞቼ ስጀምረው ሒሳብ ከፍለው መነሣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ዛሬ የእናንተ ተራ ነው።

አንድ ሰው፣ ስሙ ይቅር፣ ብዙ ነውና፣ ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ያጠናል። ያስጠናል ማለቴ ነው። የሚያጠናለት ባለሙያ ደግሞ ስለ ሐዋሳ ተሠርቶ ያለፈ ጥናት ኮምፒውተሩ ውስጥ አለው። «ሐዋሳ» የሚለውን ፈልገህ «ጎንደር» በሚለው ተካ ማለት የቀረበ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። ተተካ። በዚያች ቅጽበት በከተማችን ላይ የደረሰውን ለውጥ አፄ ፋሲልም አላደረሱባትም።

የጥናቱን ቦታ የሚገልጸው ክፍል እንዲህ ይላል፦ ጎንደር ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በ275 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ደስ አይልም? አዲስ አበባ ለመግባት ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ መንገላታት ቀረልን፤ ለምሳ እንደርሳለን። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው የሚለውን የልጅነት ትምህርት ግን መርሳት ግድ ነው። እነዚያ ግንቦች ውስጥ ተራ በተራ የነገሡት ሁሉ ፕላን ሳይወጣ የሠፈሩ ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ነበሩ ማለት ነው። ቅርስ መዝጋቢዎችም በ1979 እ.ኤ.አ. ሲመዘግቡት ካርታ አልጠየቁም።

ምዕራፍ አራት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ብቅ ይላሉ። የጎንደር ዓሣ አጥማጆች ማለዳ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ ችግራቸው የመረብ እጥረትና የዓሣው መመናመን ነው። ጣና ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጣናማ ጎርጎራ ላይ አለ፤ ጎርጎራ ግን ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጥናቱ የሚለው ሐይቅ ከከተማው ማእከል በእግር የሚደረስበት ነው። እኔም ለሳይንስ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ሐይቁን ፍለጋ ከተማውን በሐሳቤ ዞርኩት። የተገኘው የፋሲል መዋኛ ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። እንግዲህ የዓሣ አጥማጆቻችን የሥራ ወቅት ከከተራ ጀምሮ ጥቂት ቀናት ነው ማለት ነው፤ የቀረውን ዓመት መረብ ሲጠግኑ ይከርማሉ። ጥር 11 ጠዋት ከነልብሱ ዘሎ የሚገባውን ወጣት ብዛት ላየ ሰው ደግሞ መረቡ ምን እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ዓሣውስ? ከጥምቀት እስከ ጥምቀት የት ይከርማል? ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ይሆናል። የተመናመነውም ኪራይ ጨምረውበት ነው፤ እኔ በበኩሌ በዚህ ግኝት በጣም እስማማለሁ።

አታቋርጡኝ፣ ምዕራፍ አምስት ቀርቷል። የሚመለከተው አካል በሞተር የሚሠሩ ጀልባዎችን ለዓሣ አጥማጆቹ ያቅርብ። የሚመለከተው አካል ዓሣ በሚራባበት ወቅት ማጥመድን ይከልክል። የሚመለከተው አካል የሐይቁን ዳርቻ ከቆሻሻ ይጠብቅ። የሚመለከተው አካል ይህን ሁሉ ተነግሮት እስካሁን አንድ ጀልባ አላቀረበም፤ ቸልተኝነቱ ያሳዝናል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ነዋሪ ግን ሐይቅ እንዳለው መስማቱ በራሱ ጥም ይቆርጣል።

ፈታኞቹ ምን አሉ ትሉኝ ይሆናል። ሥራቸውን ሠሩ። አንደኛው ገጽ 17 ላይ ነጠላ ሰረዝ መጉደሉን አገኙ። ሁለተኛው የመስመሩ ክፍተት 1.5 መሆን ሲገባው 2 ሆኗል አሉ። ጽሑፉ የደረሳቸው ትናንት ማታ በመሆኑ አጠቃላይ አስተያየት ብቻ እንደሚሰጡ አስቀድመው ገለጹና የርእሱን ወቅታዊነት አደነቁ። ሰብሳቢው ሰዓት ሄደ አሉ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ ኬክ፣ ለውዝና በየቀለሙ ለስላሳ ተደርድሯል፤ ያልቀረበው ዓሣ ብቻ ነው። ተማሪው ስለ ሐይቁ ከተጠየቀ የሚሰጠው መልስ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ «ይህ የጥናቱ ውስንነት ነው» ይላል። አልተጠየቀም። በመጠነኛ እርማት አልፏል ተባለ። እርማቱም በሰዓቱ ተደረገ፤ ነጠላ ሰረዟ ገባች፣ ሐይቁ ባለበት ቀረ።

ጥራዙ በጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቃማ ፊደል ተጠርዟል። የምስጋናው ገጽ ፈጣሪን፣ አማካሪውን፣ ቤተሰቡን፣ እጮኛውን፣ መጠይቁን «ጊዜያቸውን ሠውተው» የሞሉትን ሁሉ ያመሰግናል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ብቻ ነው ያልተጠቀሰው። እርሱም ቅር አላለው፤ ድሮም ለስም የሚሠራ ሰው አይደለም።

ከኋላ ወንበር ላይ እናቱ ተቀምጠዋል። ከበለሳ ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ ድፎ ዳቦ ጠቅልለው የመጡ። እንግሊዝኛ አይሰሙም። ልጃቸው አፉን በከፈተ ቁጥር ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሲጨበጨብ ተነሥተው እልል አሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። የዚህችን ሴት እልልታ የምትቸረችሩ ሰዎች፣ ትንሽ እንኳ አይሰቀጥጣችሁም? ዓሣው ያስቃል፤ ሁሉም ጥናት ግን ስለ ዓሣ አይደለም። ስለ ወባ፣ ስለ ካላዛር፣ ቤታቸው ስለሚወልዱ እናቶች የሚጠይቅ ወረቀት በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ በዚያው ሦስት እስክሪብቶ ይሞላል። ያን የፈጠራ ቁጥር ነገ ሌላ ጥናት ይጠቅሰዋል፤ ያኛውን ደግሞ ሌላ፤ ሲንከባለል ሄዶ መድኃኒት የት ይላክ ብሎ ከሚወስን ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። መተማ ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ በካላዛር የሚማቅቅ የቀን ሠራተኛ እናንተ ወረቀት ላይ አልታመመም። በሌላ በኩል ውሻ እየጮኸባት፣ ጭቃ እየረገጠች፣ በየገጠሩ ቤት እየገባች ሰው ያነጋገረች ልጅ አለች። ያገኘችውን ብቻ ስለጻፈች «ናሙናሽ አልሞላም» ተብላ ለመጪው ዓመት የምትተላለፈው እርሷ ናት። ሌብነት ነው። ጠያቂውም፣ ጸሐፊውም፣ አይቶ እንዳላየ የሚፈርመውም እኩል ሌባ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ምሰሶው ላይ ያለው ወረቀት ደንበኛ እንዳያጣ።

ባለ ሐይቁ ሰው ደኅና ነው። ዘንድሮ ራሱ የዲግሪ ተማሪዎችን ያማክራል ይባላል፤ ጥብቅ ነው አሉ፣ ቀልድ አያውቅም። አንዷ ተማሪው ስለ ደባርቅ ቱሪዝም ነው የምታጠናው። የስሜን ተራሮችን፣ ጭላዳውን፣ ዋልያውን፣ አስጎብኚዎቹን፣ በቅሎ አከራዮቹን አንድ በአንድ ጽፋ ረቂቁን ሰጠችው። ከሳምንት በኋላ መለሰላት፤ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ አስተያየት ብቻ አለ። «ስለ ወደቡ ምንም አልጻፍሽም።»