የእትዬ ዓይን

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ወጣቶችን ወደ ጥፋት የሚመራው ድህነት ነው ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ያደግኩት መርካቶ አካባቢ ነው፤ ድሆች ነበርን። ግን ክፍል ፎርፌ ከተገኘሁ እናቴ ሳትሰማ ጎረቤታችን እትዬ ጆሮዬን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ቤት ያደርሱኝ ነበር። እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላቸዋለች።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ትራቪስ ሂርሺ በ1969 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን ገልብጦታል፦ አብዛኞቻችን ለምንድን ነው የማናጠፋው? ከቤተሰብ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሰው ጋር ያለን ትስስር ስለሚይዘን ነው ይላል። እኔን የያዘኝ የእትዬ ዓይን ነው።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጫት ሲቅሙ አየሁ። የማን ልጆች እንደሆኑ አላውቅም። ዝም ብዬ አለፍኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።