ሳይጠሩት አቤት

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ይህን ያለ ሰው አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ አዞ የሚያውቅ አይመስለኝም። እዚህ ያላዩት አገር ይናፍቃል፣ ያላነበቡት መጽሐፍ ይተቻል፣ ያላዩት ተከታታይ ፊልም ደግሞ እንደ ቅርጫ በሬ ብልት በብልት ይከፋፈላል። የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ ሙያ በነፃ የሚያበረክቱልን ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ተመስግነው አለማወቃቸው ነው። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ነገሩ የተነሳው በፕራይሚቫል ነው። የእንግሊዙ አይቲቪ በየካቲት 1999 ዓ.ም. ማሳየት የጀመረው ተከታታይ ነው፤ እኛ ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ስንል ማለት ነው። በአየር ላይ የተሰባበረ መስታወት መስሎ የሚያብለጨልጭ በር ይከፈታል፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ አውሬ በዚያ በር ዘው ይላል፤ ፕሮፌሰር ኒክ ከተርና ጓደኞቹ ሰው ሳይበላ ወደመጣበት ሊመልሱት ይሯሯጣሉ። አምስት ሲዝን፣ 36 ክፍል። ከእኛ ጋር ቡና የሚጠጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሙሉውን በፍላሽ ይዞልን መጣና ፍላሹ ጠረጴዛውን ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ የሚከፈተው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ስለነበር እሱኑ ሦስት ጊዜ አየሁት። (በሦስት ጊዜ እይታ 18 አስተያየት አለኝ፤ ቦታ ስለጠበበ ትቼዋለሁ።)

36ቱንም ክፍል አይቶ የጨረሰው ተማሪው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አፉን አይከፍትም። ብዙ ያየ ሰው እንዲህ ነው፤ ምኑን ከምኑ እንደሚያስቀድም ግራ ይገባዋል። የጋሼ ጥበብ የሚገባችሁ ከዚህ ልጅ ጋር ስታነጻጽሯቸው ነው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ፒያሳ የነበረው ካፌያቸው ሲፈርስ ወደ እኛ ጠረጴዛ ተዛውረው ነው የመጡት፤ ወንበራቸውን እንጂ ሥልጣናቸውን አልለቀቁም። ፕራይሚቫልን ያዩት አንድ ጊዜ ነው፤ ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሞጆ እስከ መቂ፣ ድምፁ ተዘግቶ። መቂ ላይ ቲማቲም ሊገዙ ወረዱ። ሲመለሱ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ ጠበቃቸው። ከዚህች ጠብታ የቀዱትን ባሕር ግን እዩልኝ፦ ድርሰቱ ልል ነው፣ ሁለተኛው ሲዝን ከመጀመሪያው ይሻላል፣ አራተኛው ላይ ተበላሸ፣ የዋናው ተዋናይ እንግሊዝኛ አይጠራም። ዋናው ተዋናይ ዳግላስ ሄንሻል በርግጥም ስኮትላንዳዊ ነው፤ አነጋገሩ ከለንደኖቹ ይለያል። ይህን ድምፅ በተዘጋበት አውቶቡስ ውስጥ መስማት ተራ ጆሮ የሚችለው ነገር አይደለም።

«ዋናው ችግር ዳይኖሰሩ ፌክ መሆኑ ነው» አሉ ባለፈው ማክሰኞ፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ።

«የትኛው ጋሼ?» አልኩ።

«የመጀመሪያው ነዋ። ያ ጥርሱ ረጅሙ።»

ተማሪው ያን ዕለት ምን እንደነካው አላውቅም፣ ተናገረ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ዳይኖሰር አይደለም። ጎርጎኖፕሲድ ነው። ዳይኖሰሮች ከመምጣታቸው በፊት የጠፋ ነው፣ 250 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ዘሩ ቢቆጠር ከዳይኖሰር ይልቅ ለእኛ ለአጥቢዎቹ ይቀርባል።»

ጠረጴዛው ዝም አለ። አስተናጋጇ እንኳ ትሪዋን ይዛ ቆመች። ጋሼ ማኪያቶአቸውን ፉት አሉ፣ አረፋውን ከጢማቸው ጠረጉ፣ ከዚያም በአባትነት ዓይን አዩት።

«እሱን ነው እኮ የምልህ ልጄ። ዳይኖሰር አይመስልም።»

እንዲህ ያለ ሰው በምን ይረታል? ማስረጃ ስታቀርብለት አመስግኖ ይቀበልህና በራሱ መዝገብ ይጽፈዋል። ተማሪው እስከ ዛሬ ጎርጎኖፕሲድን ለጋሼ እንዳስረከበ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ጠረጴዛ ላይ «አጥቢ ነው የምንቀርበው፣ እነዚህ ልጆች አያነቡም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

መጨረሻ ነጋሪዎቹንም ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ከተር በሦስተኛው ሲዝን እንደሚሞት የነገረኝ ጫማዬን የሚጠርገው ልጅ ነው፤ ግራ እግሬን ጨርሶ ቀኙን ሳይጀምር። ከመጠበቅ ጭንቀት ገላገለኝ፣ ጉርሻ ጨመርኩለት። የተከታታዩ የመጨረሻ ክፍል ግን ነጋሪዎችን የሚፈትን ነው፤ ማት የሚባለው መሪ ከቆሰለና ከቆሸሸ የራሱ አምሳያ ጋር ይፋጠጥና እዚያው ላይ ያበቃል። መልስ የለውም፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም አልቀጠለም። ይህ ደራሲዎቹን ያቅታቸው ይሆናል እንጂ ጋሼን አላቃታቸውም።

«መጨረሻ ላይ ይጋባሉ» አሉ።

«ማንና ማን?»

«ሁሉም።»

አይቲቪ ይህንን ተከታታይ በሰኔ 2001 አቋርጬዋለሁ ብሎ በመስከረም 2002 መልሶታል። ወረቀት የሚያምን ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ወጪው ስለከበደ ከነዩኬቲቪና ከጀርመኑ ፕሮሲበን ጣቢያዎች ጋር ተጋርተው ነው ይላችኋል። ጋሼ ይስቃሉ። የተመለሰው ሕዝቡ ስለጮኸ ነው። የትኛው ሕዝብ? እኛ ነና። አራት ኪሎ የጮኸው ለንደን ሳይሰማ አይቀርም፤ ያውም ስንጮኽ የነበረው «ይቁም» እያልን መሆኑ የነገሩን ክብደት አይቀንሰውም።

ከሁሉ የላቀው ሥራ ግን የሉሲ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ታሪክ ይለወጥና ክላውዲያ ብራውን የምትባለው ሴት እንዳልተፈጠረች ትሆናለች፤ ከከተር በቀር የሚያስታውሳት የለም። በሁለተኛው ሲዝን ያችው ተዋናይ ጄኒ ሉዊስ የምትባል ሌላ ሰው ሆና ትመጣለች። የተዋናይዋ ስም ሉሲ ብራውን ነው። ባንክ የምትሠራው እህታችን ይህንን ልታስረዳ ብላ «ሉሲ በሁለተኛው ላይ ሌላ ሰው ሆና ነው የምትመጣው» አለች።

«ሉሲማ አሜሪካ ናት» አሉ ጋሼ።

«የፊልሟን ነው የምልዎት።»

«እኮ! ለፊልም አከራዩአት!»

ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቅርስ ኪራይ ውል ተረቀቀ፣ ዶላሩ ተመነዘረ፣ የወሰደው ባለሥልጣን ተለየ። ከጎናችን ሎተሪ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር ስንት እንደተከፈለ ያውቅ ኖሯል። ድንቅነሽ በ1999 ለኤግዚቢሽን አሜሪካ መሄዷ እውነት ነው። በሚያዝያ 2005 ተመልሳለች። ጋሼ ግን ሄደች ሲባል የሰሙ ቀን ዜናውን አጠፉት፤ ከዚያ ወዲህ ሙዚየም ያልሄዱበት ምክንያታቸው «ሄጄ ማንን ላይ?» የሚል ነው። ከምንቀመጥበት ወንበር እስከ ብሔራዊ ሙዚየም በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት በትምህርት ቤት ሰልፍ፣ የፊተኛዬን ልጅ ሹራብ ይዤ ነው።

ተማሪው እሑድ ዕለት ሁላችንንም አስነስቶ ወሰደን። ወደ አምስት ኪሎ ስንወጣ ጋሼ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ፤ በሁለቱም ጊዜ ስለ መንገዱ ንጣፍ ድንጋይ አስተያየት ሰጡ። ምድር ቤት ወረድን። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። በሐዳር፣ አፋር፣ በኅዳር 1967 የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ማለትም ቅጂዋ፣ በመስታወቱ ውስጥ ተጋድማለች፤ አጠገቧ ቆማ የምትታየው ሌላዋ ቅጂ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። አንዲት ትንሽ ልጅ ከቆመችው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተለካክታ አባቷን «እበልጣታለሁ» አለችው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ። በመስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው የመንጋጋውን አጥንት አዩ፣ የእጁን አዩ፣ ዳሌውን አዩ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ልቤ ተነካ ልበላችሁ? ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሲያዩ አየኋቸው። ተማሪው በጉጉት ጠጋ አላቸው።

«እንዴት ነች ጋሼ?»

መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ፊልሙ ላይ ረዘም ትል ነበር» አሉት።