ቀጥቃጩ አራሽም ነበር

በጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ቀጥቃጭ፣ ቤተ እስራኤላዊው (የኢትዮጵያ አይሁዳዊው) አባታችን ሲታወሱ፣ «ቤተ እስራኤሎች ብረትና ሸክላ እንጂ እርሻ አያውቁም» የሚል ቃል ሲደጋገም አየሁ። ወገኖቼ፣ ይህ ልክ አይደለም። በጎንደር ዙሪያ ብዙዎቹ አራሾች ነበሩ፤ ያጡት ርስት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በጭሰኝነት እያረሱ ለባለ ርስቱ ከምርቱ ያካፍሉ ነበር። ከእርሻው ጎን ለጎን ወናፍ እየነፉ፣ ከሰሉ ሲፍም ብረቱን አግለው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። የጎረቤቱም በሬ የሚጎትተው ያንኑ ማረሻ ነው!

ማጣራት የሚፈልግ የአካባቢውን ሽማግሌዎች «መሬቱ የማን ነበር? ማንስ ያርሰው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። «እርሻ አያውቁም» ስንል መሬት መነፈጋቸውን የሙያ ምርጫ እናስመስለዋለን፤ የእኚህንም አባት ግማሽ ዕድሜ ከመታሰቢያቸው እንፍቃለን።